ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ የሕንድ አደባባይ ተጫዋቾች

እስከ ዛሬ በዚህች በእጅ እየተጻፈች በምትዞር መጽሔታችን የወጡት ሂሶች በግጥምና በአጭር ልብ ወለድ ላይ ያተኮሩ ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ቃል የሌለው ሥራ ነው። ይኸውም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በሕንድ አገር ከዝሆን ጥርስ እየተቀረጹ በአብዛኛው ለአውሮፓውያን ይሸጡ የነበሩት ትንንሽ የሰው ምስሎች፣ በተለይም ከእነሱ መካከል የአደባባይ ተጫዋቾችን የሚያሳዩት ናቸው። እባብ አጫዋቹ፣ ድብ ጎታቹ፣ የጦጣው ባለቤት፣ ኳስ ወርዋሪው፣ በቀርከሃ ጫፍ ላይ የሚገለባበጠው፣ ከበሮ መቺው፤ ቁመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ዛሬ የሚገኙት በቤተ መዘክሮች መስተዋት ውስጥና በጨረታ ቤቶች መዘርዝር ላይ ነው፤ አብዛኞቻችንም የምናውቃቸው በፎቶግራፍ ነው።

«እዚህ ድንኳን ሥር ተቀምጠን ስለ ሕንድ የዝሆን ጥርስ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድማለሁ። አንደኛ፣ ከጥርሱ ከፊሉ ባሕር ተሻግሮ የሄደው ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሁለተኛ፣ ምስሎቹ የሚያነሡት ጥያቄ፣ ማለትም ድሀና ቋሚ ቤት የሌለው ሰው፣ ሌላ ሰው በሚገዛው ሥራ ውስጥ እንዴት ይቀረጻል የሚለው፣ ስለ ራሳችን ለምንጽፍ ሰዎች የዕለት ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ጥርሱ ከየት፣ ቀራጩ ማን?

የዝሆን ጥርስ ቅርጽ በሕንድ እጅግ ጥንታዊ ሙያ ነው። በሳንቺ ታላቁ የቡድሃ ስቱፓ ደቡባዊ በር ላይ የድንጋዩን ቅርጽ የቪዲሻ ከተማ የዝሆን ጥርስ ሠራተኞች እንደሠሩት የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ ይህ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው ከፖምፔይ ፍርስራሽም በ1938 ከሕንድ የሄደ የሴት ምስል ተቆፍሮ ወጥቷል። እንግዲህ ሙያው እንግሊዞች ሳይመጡ የነበረ ነው። በእንግሊዞች ዘመን የተለወጠው ገዢው ነው፤ ገዢው ሲለወጥ ደግሞ የሚቀረጸው ነገር ተለወጠ።

ለውጡ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በቤንጋል የምትገኘው ሙርሺዳባድ ናት። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሙርሺድ ቁሊ ኻን የተባለው ሹም መቀመጫውን ከዳካ ወደዚያ አዛውሮ ከተማዋን በስሙ ጠራት፤ ናዋቦች የሚባሉት የቤንጋል ገዢዎችም ባለሙያ በዙሪያቸው አሰባሰቡ። በ1757 በፕላሲ ጦርነት የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አሸነፈ። ብዙ ሳይቆይ ግምጃ ቤቱም ሥልጣኑም ወደ ካልካታ ሄደ፤ ከሙርሺዳባድ አጠገብ በምትገኘው በበርሃምፑር የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ተሠራ። ቀራጩ ከናዋቡ ደጅ ወደ ሰፈሩ ደጅ ዞረ። ለናዋቡ ጌጥና ዕቃ ይሠራ የነበረው እጅ ለመኮንኑ የቼዝ መጫወቻ፣ ባለ ድባብ ዝሆን፣ የበሬ ጋሪ፣ የባለ ጣዎስ አንገት ጀልባ፣ ከዚያም የአሽከርና የነጋዴ፣ የወታደርና የአደባባይ ተጫዋች ምስል መሥራት ያዘ። መኮንኑ ወደ አገሩ ሲመለስ ያየውን ሕዝብ በሣጥን ይዞ መግባት ፈለገ፤ ባለሙያው የፈለገውን ሠራለት።

ስለ ቤንጋል የዝሆን ጥርስ ሙያ በ1901 ጥናት ያሳተሙት ጂ. ሲ. ዱት በቀራጮቹ ዘንድ የሚነገረውን አፈ ታሪክ መዝግበዋል። አንድ ናዋብ የጆሮ ኩክ ማውጫ ቢጠይቅ ስንጥር ሣር አመጡለት። ለናዋብስ የዝሆን ጥርስ ነው የሚገባው አለና ከዴልሂ ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው ሙያውን ለሰው ላለማሳየት በሩን ዘግቶ ይሠራ ነበር። ባስካር ከሚባሉት ጣዖት ቀራጮች ወገን የሆነ አንድ ሰው ግን በግድግዳው ቀዳዳ እያጮለቀ ተማረ። ለልጁ ለቱልሲ አስተማረው፤ ቱልሲም አባቱን በለጠ። ቱልሲ አምላኪ ሰው ነበርና ወደ ቅዱሳት ቦታዎች ለመሳለም ተመኘ፤ ናዋቡ ግን እንዳይሄድ አስጠበቀው። ቱልሲ አምልጦ ሄደ፤ የተመለሰው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ሲመለስ የቀድሞው ናዋብ ሞቷል፤ ልጁ ነግሷል። አዲሱ ናዋብ የሟች አባቱን መልክ ከትዝታ ብቻ እንዲቀርጽ አዘዘው። ቱልሲ ቀረጸ፤ መልኩም ቁርጥ አባቱን ሆነ። ናዋቡ ተደስቶ የ17 ዓመቱን ደመወዝ ከነቤቱ ሰጠው ይባላል። የሄደበትን ዘመን ደመወዝ የሚከፍል ጌታ ለኛም ይላክልን እያልን እንቀጥል።

አፈ ታሪክ እንደመሆኑ እውነትነቱን መመርመር የኛ ፋንታ አይደለም። ለሂስ የሚጠቅመው በውስጡ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሙያው የተገኘው በማጮለቅ ነው፤ የሙያው ከፍተኛ ፈተና ደግሞ በፊት ያልቆመን ሰው በትዝታ መቅረጽ ነው። የአደባባይ ተጫዋቹን ምስል የምንመዝነው በእነዚሁ ሁለት መስፈርቶች ነው። ቀራጩ አይቷልን? ያየውንስ ይዞታልን?

ስለ ጥርሱ አጭር ነገር ልበል። ለቤንጋል ቀራጮች ከአሳምና ከበርማ ጫካዎች ይመጣላቸው ነበር፤ በቦምቤይ በኩልም የአፍሪካ ጥርስ ወደ ሕንድ በብዛት ይገባ ነበር። የእስያ ሴት ዝሆን የሚታይ ትልቅ ጥርስ የላትም፤ የአፍሪካው ግን ወንዱም ሴቱም አለው፤ መጠኑም ይገዝፋል፤ የምሥራቅ አፍሪካው በተለይ ለመሮ የሚታዘዝና ነጣ ያለ በመሆኑ ይወደዳል። ንግዱ የትናንት አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ጥርሱ ከአባይ ማዶ በአክሱም በኩል አድርጎ ወደ አዱሊስ ወደብ ይወርድ እንደነበር ይተርካል። በ10ኛው መቶ ዓመት አል መስዑዲ የዘንጅ አገር ጥርስ በኦማን በኩል ወደ ቻይናና ሕንድ እንደሚሄድ፣ ሕንዶችም ለጩቤና ለሰይፍ እጀታ እንዲሁም ለቼዝ መጫወቻ እንደሚያውሉት ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት የንግዱ አንገት ዛንዚባር ሆነች። ከመሐል አገር እስከ ባሕር ዳር ጥርሱን በትከሻው ያወረደው ሰው ነው፤ ከፊሉ ደመወዝተኛ፣ ከፊሉ ባሪያ። ሎንዶን በሚገኝ መደርደሪያ ላይ የቆመው ሕንዳዊ ድብ ጎታች ገላው ከኛ ወገን ጫካ የወጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን አውቆ መመልከት ከምስሉ ውበት አንዳች አይቀንስም፤ ዋጋውን ግን ሙሉ ያደርገዋል።

ለ. ቅርጹ

የዝሆን ጥርስ ለቀራጩ ነፃነት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከሥሩ በኩል ባዶ ነው፤ ለሰው ምስል የሚሆነው ወደ ጫፉ ያለው ድፍኑ ክፍል ነው። ጎባጣ ነው፤ እየቀጠነ ይሄዳል። በቁመቱ ብርቱ ሲሆን በአግድሙ ቀጭን አድርገው ሲቀርጹት ይሰበራል። ስለዚህ ቀራጩ የሰውየውን ቁመት ከጥርሱ ቁመት ጋር ያስማማል፤ የተዘረጋ ክንድ፣ ዋሽንት ወይም በትር ሲያስፈልግ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ሠርቶ በቀጭን ችንካር ይገጥማል። መሣሪያው መጋዝ፣ ሞረድ፣ ልዩ ልዩ መሮና መሰርሰሪያ ነው። የሙርሺዳባዶቹ መጨረሻ ላይ በዓሣ ቅርፊትና በተራ ጠመኔ ያሹት ነበር። እንደኛ ጠመኔ ስትጨብጥ የኖረች እጅ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

የአደባባይ ተጫዋችን መቅረጽ ከሌላው ሁሉ የሚከብደው ጨዋታ እንቅስቃሴ ስለሆነ ነው። ውኃ ቀጂው አቁማዳውን ተሸክሞ ቢቆም ውኃ ቀጂነቱ አይጠፋም። ኳስ ወርዋሪው ቢቆም ግን ምንድን ነው? እዚህ ላይ ምስሎቹ እርስ በርሳቸው በግልጽ ይለያያሉ።

ከሁሉ ደካማው ኳስ ወርዋሪው ነው። ኳስ በአየር ላይ ሊንጠለጠል አይችልም። ቀራጩ ያለው ምርጫ ኳሶቹን በመዳፉ ማስያዝ ነው፤ ይህን ሲያደርግ ኳስ የሚወረውረው ሰው ኳስ የያዘ ሰው ሆኖ ይቀራል። ሙያው ከእጁና ከሰማይ መካከል ነበር፤ ያ ቦታ በቅርጹ ውስጥ የለም። ይህ የቀራጩ ስንፍና ሳይሆን የጥርሱ ወሰን ነው። ግን ወሰኑን የሚያውቅ ሠሪ ኳሶቹ ላይ አይደክምም፤ ፊቱን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ዓይኑን እኛ የማናየውን ነገር ያስከትለዋል፤ ጉልበቱን ጥቂት ያጥፈዋል። ያኔ ኳሱ ባይኖርም ውርወራው አለ። ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ገዢው የሚያይ ኳስ ወርዋሪ ግን ሲጫወት ታይቶ አያውቅም።

በቀርከሃ ጫፍ ላይ የሚወጣው ተጫዋች የተሻለ ዕድል አለው። ቀርከሃው ቀጥ ያለ ነው፤ ጥርሱም በቁመቱ ብርቱ ነው፤ የጨዋታው መሥመርና የጥርሱ መሥመር አንድ ይሆናሉ። ገመድ ላይ የሚሄደው ተጫዋች ግን ችግር ያመጣል። ገመዱ አግድም ነው፤ በዝሆን ጥርስ ቀጭን አግድም ማውጣት ስብራትን መጋበዝ ነው። ስለዚህ ገመዱ ይወፍራል። ወፍራም ገመድ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ አደጋ የለበትም፤ አደጋ የሌለበትም ተመልካች አያስጨንቅም።

ከሁሉ የሚሳካው እባብ አጫዋቹ ነው፤ ምክንያቱም የጨዋታው ልብ ዝምታ ነው። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ወይም እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከቅል የተሠራውን፣ ሁለት ቀጫጭን የመቃ ቱቦ ያለውን ፑንጊ አፉ ላይ ደግኗል። ከፊቱ ቅርጫት አለ፤ ከቅርጫቱ እባቡ አንገቱን ዘርግቶ ተነሥቷል። እንደሚታወቀው ኮብራ አንገቱን የሚዘረጋው ተደስቶ ሳይሆን ሲሰጋ ነው፤ የሚከተለውም ዜማውን ሳይሆን የዋሽንቱን ጫፍ ውዝዋዜ ነው። ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ቀላል መፈተኛ እሰጣለሁ። ምስሉን ስታዩ የእባቡ ራስ ወደ የት እንደዞረ እዩ። ወደ ዋሽንቱ ጫፍ ከዞረ ቀራጩ በገበያው ቀን ከሰው መሐል ቆሞ አይቷል። ወደ ውጭ፣ ወደ ተመልካቹ ከዞረ ግን እባቡ ጌጥ ነው። ከሁለቱም ዓይነት የሚገኙ መሆናቸው ምስሎቹን ሁሉ በጅምላ ማድነቅም በጅምላ መኮነንም እንደማይገባ ያሳያል።

ለድብ ጎታቹም እንዲሁ መፈተኛ አለ፤ ገመዱ። በሕንድ የድብ ጭፈራ ገመዱ የሚያልፈው በተበሳ አፍንጫ ውስጥ ነው። ድቡ የሚነሣው ዜማ ስለገባው ሳይሆን ገመዱ ስለሚያመው ነው። በአንዳንዱ ምስል ገመዱ በአንገት ላይ እንደ ሐብል ተደርጓል፤ ድቡም እንደ ውሻ የተገራ ይመስላል። ገመዱን ከአፍንጫው ያስነሣ ቀራጭ ግን ስለ ሰውየውም ስለ ድቡም እውነቱን ተናግሯል። ድሀ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ሌላ ፍጡር በማሳመም ነው፤ ይህን ሐቅ ከምስሉ ያወጣ ሰው ሰውየውንም አብሮ አውጥቶታል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በፀሐይ የጠቆረው ሰው ሁሉ በጥርሱ ነጭ ሆኗል። ሰውነቱ የታሸ፣ ልብሱ የተጠረበ፣ እግሩ ንጹሕ ነው። አቧራ የለም። የአደባባይ ተጫዋች ያለ አቧራ ማለት ዓሣ አጥማጅ ያለ ውኃ ማለት ነው። ቀራጩ ጥርሱን ሊያቆሽሽ አይችልም፤ ግን በእግር ጣቶች አቀማመጥ፣ በጎድን አጥንት አቀራረጽ፣ በቀበቶ ሥር በጎበጠው ባዶ ሆድ ሊነግረን ይችል ነበር። ይህን የሚነግሩን ጥቂቶች ናቸው፤ የሚነግሩን ግን አይረሱም።

ሐ. ይዘቱ፣ ወይም የጎደለው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እደርሳለሁ። በእነዚህ ምስሎች ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። እሱም ሕዝቡ ነው።

የአደባባይ ጨዋታ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ተጫዋቹ ነው፤ ሌላው ክብ ሠርቶ የቆመው ሰው ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚሠራው ሙያ ክቡን መሥራት ነው። ከበሮውን ይመታል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ልጆቹን ያዩ ሴቶች ይቆማሉ፤ ሴቶቹን ያዩ ነጋዴዎች ጥግ ይይዛሉ። ያፌዛል፤ አንዱን መርጦ ያሾፍበታል፤ ከባዱን ጨዋታ ገንዘብ ሳይሰበስብ አይጨርስም። አገራችን ላይ አዝማሪው በጠጅ ቤት፣ ላሊበላዎች በንጋት በየደጁ ሲያዜሙ ያየ ሁሉ ይህን አሠራር ያውቀዋል። የሰሚውን ስም ጠይቆ በግጥሙ የሚያስገባው ተጫዋች ሰሚውን የጨዋታው አካል አድርጎታል። ሰሚ ሲወጣ ጨዋታው ግማሽ ይሆናል።

በዝሆን ጥርሱ ምስል ግን ተጫዋቹ በትንሽ መቆሚያ ላይ ብቻውን ነው። ዙሪያው መስተዋት ነው። በሕዝቡ ቦታ የቆመው ገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ የከፈለው ለቀራጩ ወይም ለነጋዴው እንጂ ለተጫዋቹ አይደለም። በተጫዋቹ ፊት የተዘረጋ ጨርቅ፣ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ፣ የተገለበጠ ቆብ ባየኋቸው ፎቶግራፎች አላየሁም። ሥራው አለ፤ ዋጋው የለም። ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ሰውየውን ከሠራተኛነት አውጥቶ ትርኢት ብቻ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ስም ነው። ምስሎቹ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በስብስብ ነበር፤ አጣቢው፣ ጸጉር ቆራጩ፣ ውኃ ቀጂው፣ ወታደሩ፣ ባሕታዊው፣ እባብ አጫዋቹ። ተመሳሳይ ዝርዝር በሙርሺዳባድና በፓትና ሠዓሊዎች በወረቀትና በሚካ ላይ ይሣል፣ በክሪሽናናጋርም በሸክላ ይሠራ ነበር፤ የክሪሽናናጋር ሸክላዎች በ1851 በሎንዶን ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርበዋል። ይህ የሕዝብ መዝገብ አሠራር ነው። በመዝገቡ ውስጥ ሁሉም ዓይነት እንጂ ማንም ሰው አይደለም። እባብ አጫዋቹ ቁጥር አንድ ሲሰበር ቁጥር ሁለት ይተካዋል። የቀራጩም ስም ብዙ ጊዜ አብሮ ጠፍቷል። ሁለት ስም የለሽ ሰዎች፣ አንዱ አንዱን ቀርጾ፣ ለባለ ስም ገዢ ተሸጡ።

መ. ምስሉና ሕጉ

ነገሩን ከውበት ጥያቄ ወደ ላይ ከፍ የሚያደርገው በዚያው ዘመን ውጭ በጎዳናው ላይ የተደረገው ነው። በ1871 የእንግሊዝ አስተዳደር በሕንድ የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ የተባለውን አወጣ። ሕጉ መጀመሪያ በሰሜን ሕንድ ሠራ፤ በ1876 ወደ ቤንጋል፣ በ1911 ወደ ማድራስ ተዘረጋ። በዚህ ሕግ መሠረት መንግሥት አንድን ነገድ በሙሉ ከነሕፃናቱ በውልደት ወንጀለኛ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። የተመዘገበ ሰው ስሙን አስጽፎ በስም ጥሪ ይቀርባል፤ ከተወሰነለት ቦታ ያለ ይለፍ ወረቀት አይወጣም፤ ቢወጣ ይታሰራል። ብዙዎቹ ከመንደር መንደር የሚዞሩ ነበሩ፤ በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር ናት የሚባሉት ገመድ ላይ ተጫዋቾችና ተገለባባጮችም ገቡበት። የስም ጥሪና የይለፍ ወረቀት ምን እንደሆነ ለዚህች መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ አስተውሉ። የአንድ አገዛዝ ሰዎች በአንድ እጃቸው ተገለባባጩን ከዝሆን ጥርስ ገዝተው መደርደሪያ ላይ ያኖራሉ፤ በሌላ እጃቸው ሕያውን ተገለባባጭ በመዝገብ ላይ ያኖራሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ተንቀሳቃሽን ማቆም። የሚዞር ሰው ገዢን ያሠጋል፤ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ግብር የሚጣልበት ቤት የለውም። ይህ የእንግሊዝ ጠባይ ብቻም አይደለም። በአገራችን በ1937 በግራዚያኒ ላይ ግድያ ከተሞከረ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር ዘዋሪ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን የአገዛዙን ውድቀት ይተነብያሉ ብሎ አሳድዶ ፈጅቷል።

የሕንዱ ሕግ ከነፃነት በኋላ በ1952 ተሽሯል። ይሁን እንጂ ጥላው አልተነሣም። በ1959 በቦምቤይ የወጣው፣ በኋላም ዴልሂ የሠራበት የልመና መከላከያ ሕግ በአደባባይ መዝፈንን፣ መጨፈርንና ትርኢት ማሳየትን የልመና ሰበብ አድርጎ ቆጥሯል፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልመናን ወንጀል የሚያደርጉትን አንቀጾች የሻረው በ2018 ነው። በዚያችው ከተማ የአሻንጉሊት ተጫዋቾች፣ ምትሐተኞችና ተገለባባጮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኖሩበት ካትፑትሊ የተባለ ሰፈር በ2017 ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ካምፕ ተዛውረዋል።

የአራዊቱም ነገር አብሮ ተለውጧል። በ1972 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ እባቡንና ድቡን ከተጫዋቹ እጅ አወጣ፤ እስከ 2009 መጨረሻ የድብ ጭፈራ ከሕንድ ጎዳናዎች ጠፋ። ጥርሱም እንዲሁ። ሕንድ የአገሯን ዝሆን ጥርስ ንግድ በ1986፣ የአፍሪካውን በ1991 ዘጋች፤ በ1989 የተወሰነው ዓለም አቀፍ እገዳም ከ1990 መጀመሪያ ጀምሮ የአፍሪካን ዝሆን ጥርስ ንግድ አቆመ። የሙርሺዳባድ ቀራጮች ወደ ሰንደልና ሾላ ወደሚባለው ነጭና ቀላል የረግረግ ተክል ዞረዋል። ዝሆኑም ድቡም ዕረፍት ማግኘታቸው መልካም ነው፤ በዚህ የሚያዝን የለም። ግን ሕጉ እባቡን ሲያድን ለሰውየው ምን ሰጠው የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ምስል እስካሁን አልተቀረጸም።

ሠ. ለቀራጩ ጠበቃ

እስከ አሁን ከሳሽ ስሆን ቆየሁ። ሂስ ግን ጠበቃም ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጓዶች እነዚህን ምስሎች የቅኝ ገዢ ጌጥ ብለው በአንድ ቃል ሊጥሏቸው ይወዳሉ። እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ቀራጩ ራሱ ሠርቶ አዳሪ ነበር። ናዋቡ ሲወድቅ ደመወዙ ተቋረጠ። ልጆቹን ማብላት ነበረበት፤ የመጣውን ገዢ አስተናገደ። የራሱን ገዢ የመረጠ ባለሙያ በታሪክ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ለቤተ መንግሥት ሲሠራ ሳለ እባብ አጫዋቹ በዝሆን ጥርስ ይቀረጽ ዘንድ ማን ያዝ ነበር? የባዕድ ገዢ ክፉ ፍላጎት ለድሀው ጎረቤት ውድ ጥርስ አስገኘለት። ይህ የታሪክ ምፀት ነው፤ ግን ሐቅ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ምርጦቹ ምስሎች ከታዘዙት በላይ ሰጥተዋል። መኮንኑ የጠየቀው አንድ እባብ አጫዋች ነው። የጉንጩን መወጠር፣ የቅንድቡን መሰብሰብ፣ እባቡን የሚያይበትን የሥጋት ዓይን አልጠየቀም፤ ልዩነቱንም ላያውቅ ይችላል። ይህን የጨመረው ቀራጩ ነው፤ የጨመረውም ሰውየውን ስለሚያውቀው ነው። በዓይነት መካከል አንድ ሰው ሾልኮ ገብቷል። በግድግዳው ቀዳዳ ያጮለቀው የባስካሩ ዓይን እዚህ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። በስብስብ የተሠሩት አብዛኞቹ ምስሎች የእጅ ሙያ ናቸው እንጂ ኪነ ጥበብ አይደሉም፤ ሙያቸው ድንቅ ነው፤ እውነታቸው ቀጭን ነው። ጥቂቶቹ ግን፣ እባቡ ወደ ዋሽንቱ የዞረባቸው፣ ገመዱ ከአፍንጫው የተነሣባቸው፣ ዓይን ወደ ሰማይ ያቀናባቸው፣ የገዢውን መዝገብ አልፈው ለተቀረጸው ሰው ምስክር ሆነዋል።

ረ. ወደ ራሳችን ስንመጣ

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በዚህች መጽሔት የሚወጡትን አጫጭር ልብ ወለዶች አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አንብቧቸው። የሚያለቅሱት እናት አሉ። ዝም ያለው ሽማግሌ አለ። በሌሊት ድንበር የሚያሻግረው ስግብግብ መሪ አለ። ደብተሩን አቅፎ የሞተው ተማሪ አለ። ከአንዱ ደራሲ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚለወጠው ስማቸው ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ስም የላቸውም። እኛም ስብስብ እየቀረጽን ነው። ማንም አላዘዘንም፤ ግን ጎብኚ ሲመጣ ማየት የሚፈልገውን እናውቃለን፤ ያንን እንጽፋለን። የሚያለቅሱት እናት መሶብ ሰፍተው ለጎብኚ ሲሸጡ በዋጋ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ስንዴያቸው ሲጎድል መጋዘን ጠባቂውን በምን ዓይነት ምላስ እንደሚሸነቁጡት ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዳችንም አልጻፍነውም።

ስለዚህ ለጸሐፊ ጓደኞቼ ከዝሆን ጥርሱ የተማርኩትን በሦስት ጥያቄ አሳጥሬ አቀርባለሁ። አንድ ገጸ ባሕርይ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጠይቁት። የምታየው ወደ የት ነው፣ ወደ ሥራህ ወይስ ወደ አንባቢው? ገመዱ የታሰረው የት ላይ ነው? በዙሪያህ የቆመው ማን ነው፣ ማንስ ይከፍልሃል? ለሦስቱም መልስ ካለው ሰው ነው፤ ከሌለው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው።

ቱልሲ ፊቱ ያልቆመን ሰው ከ17 ዓመት በኋላ በትዝታ ቀረጸ። የእኛም ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ የምንጽፋቸው ሰዎች ከፊሎቹ ከኋላችን ቀርተዋል፤ ከፊሎቹ ግን በውኃ ሰልፍ ላይ አጠገባችን ቆመዋል። ለቀሩት ትዝታ፣ ለቆሙት ዓይን ያስፈልጋል።

በዚህ ሂስ የማይስማማ፣ በተለይም ሙያን ከኪነ ጥበብ በለየሁበት ቦታ ተቃውሞ ያለው አንባቢ ካለ፣ ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይስጥ። ወረቀት የሌለው በዚህ ገጽ ጀርባ ላይ ይጻፍ፤ ጀርባው ባዶ የተተወው ለዚሁ ነው።